መዶሻው የቆመለት ዘንዶ

ፊልም አይቶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አይገባኝም። ወላሂ አይገባኝም! ከተማ ሲፈርስ፣ ሰማይ ሲሰነጠቅ፣ ሰው በክንፍ ሲበር አይቶ፣ ከዚያ በሩ ላይ ኪሱን ዳብሶ «ባጃጅ!» ብሎ ተጣርቶ፣ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል? እኔ እንደዚያ አልተፈጠርሁም። ያየሁትን ካልተናገርሁ ሆዴ ይነፋል።

በሥራ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነኝ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው «ቁጥሩን ይንገሩኝ» እና «ነገ ይመለሱ» ነው። ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ሲኒማ ቤት ነኝ፣ ከፊት፣ መሀል ላይ፣ አንገቴን ሰቅዬ። ምርጫዬ የታወቀ ነው። የፍቅር ለቅሶ አልወድም። ባልና ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ የሚጨቃጨቁበት ፊልም አያስፈልገኝም፤ እሱን ከጎረቤቴ ግድግዳ በነፃ እሰማለሁ። እኔ የምፈልገው ገንዘብ እንደ ክረምት ጎርፍ የፈሰሰበትን ነው፦ ሰይፍ፣ ዘንዶ፣ የሚበር መርከብ፣ የሚናገር ዛፍ፣ ከገደል ላይ የሚዘል ፈረስ። «የልጅ ነገር» እያሉ የሚንቁት ሰዎች አሉ። ይናቁ! ለኔ ቦታ ይሰፋልኛል።

ፊልሙ እንዳለቀ በባጃጅ ወደ ሐይቁ እበራለሁ። ጣና ዳር አባቴ ጀልባ የሚሠራበት ቦታ አለ። የእንጨት ጀልባ ነው የሚሠራው፤ የእሱ አባት እዚያው ዳርቻ ላይ ደንገል እያሰረ ታንኳ ይሠራ ነበር፤ አባቴ ወደ ጣውላና ወደ ሚስማር ዞረ። የመዶሻው ድምፅ ከአስፋልቱ ጀምሮ ይሰማል። እኔ ገና ከባጃጁ ሳልወርድ «አባባ! ዛሬ ጉድ ነው ያየሁት! ጉድ!» እያልሁ ነው። እሱ ቀና እንኳ ሳይል፣ ሚስማሩን በከንፈሩ እንደያዘ፣ «እህ» ይላል።

ያቺ እህ ነች የኔ ነዳጅ። እህ ማለት እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጨዋታን የሚያስኬደው እሱ ነው። ሰው እየነገራችሁ እህ ካላላችሁ ወይ ተቀይማችኋል ወይ ተኝታችኋል። አባቴ ደግሞ የእህ ጌታ ነው። ነገሩ ሲሰለቸው እህታው ደረቅ ትሆናለች፣ በሁለት ምት መሀል ብቅ ብላ ትጠፋለች። ሲጥመው ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ ነው የሚላት፣ ድንጋጤ ያለባት እህ። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን እህም ይቀራል፤ መዶሻው ይቆማል።

የኔ የፊልም መመዘኛ እንግዲህ ይኸው ነው። ሌላው ኮከብ ይሰጣል፣ ከአሥር ይህን ያህል ይላል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መዶሻው ቆሟል ወይስ አልቆመም? ስንት አገር ያወራለት ፊልም አለ መሰላችሁ፣ አባቴ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን ሳያሳርፍ አንድ ሙሉ ጎን ጣውላ መትቶ የጨረሰበት! ያኔ «ይህ ፊልም አይረባም» ብዬ እፈርዳለሁ፤ ይግባኝ የለውም።

የዘንዶው ፊልም የመጣው በዚህ መሀል ነው። አቤት ያ ፊልም! አገሩን ውኃ ጥም ሊጨርሰው ነው። ምክንያቱም አንድ ዘንዶ ከአገሩ ሐይቅ ሥር፣ ውኃው የሚወጣበትን በር ዘግቶ ተኝቷል። ነገሥታቱ ጦር ልከው አልቻሉም። አንዲት ልጅ በትንሽ ጀልባ ብቻዋን ትሄድና ትቀሰቅሰዋለች። ሲነቃ፣ ኧረ ሲነቃ፣ ሲኒማ ቤቱ በፉጨት ተደበላለቀ፤ ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ፈንዲሻውን በራሴ ላይ ደፋው፤ አልተቆጣሁትም።

ባጃጁን «ቶሎ! ቶሎ!» እያልሁ ሐይቁ ዳር ደረስሁ። «አባባ! ዘንዶው ከውኃው ወጣ! ምን ያህል እንደሆነ ልንገርህ?» አልሁት፤ ዞር ስል ደግሞ ጣና ከፊቴ ተዘርግቷል። እጄን ወደ ዘጌ ቀሰርሁ። «ራሱን እዚያ፣ ዘጌ ጫካ ላይ አሳረፈው! ጅራቱ ጎርጎራ ነው! ጎርጎራ! ሲተነፍስ ደቅ ደሴት ካለችበት ተነሥታ ቁጭ አለች! ሲገላበጥ ዓባይ መውጫው ጋ ውኃው ወደ ኋላው ሮጠ!» ልጅቷን ደግሞ እኛው ጠርዝ ላይ፣ አባቴ የሚሠራት ጀልባ ውስጥ አስቀመጥኋት። «ይህችን በምታህል ጀልባ ነው የሄደችበት! ይህችን!»

መዶሻው ቆመ።

አባቴ ሚስማሮቹን ከከንፈሩ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። መዶሻውን ጣውላው ላይ አስቀመጠ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ዘጌ ተመለከተ፤ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ምሳውን ይዛ የመጣችው እናቴ «ምንድን ነው? ምን መጣ?» ብላ እሷም አብራ ማየት ጀመረች። እኔ ስለ ጀልባው የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ባለሙያ ነውና። የትኛው እንጨት ነው፣ ምን ያህል ሰው ይጭናል የሚል መስሎኝ «ጀልባዋ እንኳ…» ብዬ ስጀምር በእጁ አቋረጠኝ።

«የጀልባውን ነገር ተዪው። ጀልባ እዚህም አለ» አለ። «ዓይኑ ወዴት ነበር የሚያየው?»

«ወደኛ» አልሁት።

«ያ አላህ» አለ፤ ቀስ ብሎ ጣውላው ላይ ተቀመጠ። እናቴ «አባትና ልጅ አብደዋል» ብላ ምሳውን አስቀምጣ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮ ሲናገር ሰማሁ። የከተማችን አንድ ጣቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ የፊልም ግምገማ ሊጀምር ነው፤ መሞከር የሚፈልግ ይምጣ ይላል። ባጃጁ ሳይቆም ልወርድ ነበር! ሾፌሩ «እህቴ፣ ምን ነካሽ?» ሲለኝ «የኔ ነው! የሚያወሩት ስለኔ ነው!» አልሁት። ለስም ብዬ አይደለም የሄድሁት ብል ማን ያምነኛል? ለስምም ነው። ግን ከስሙ ይልቅ ሌላ ነገር ነበረ። በመዝገብ ቤት መስኮት ሰው ሁሉ የሚያየው እጄን ብቻ ነው፤ ፋይል የምታቀብል እጅ። አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት፣ ከተማው ሁሉ አባቴ እንደሚሰማኝ እንዲሰማኝ ፈለግሁ። እንዲያ አጥብቄ የፈለግሁት ነገር ትዝ አይለኝም።

አዘጋጁ ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ፊልም በደንብ የሚያውቅ። ለሙከራ ስለ ዘንዶው ፊልም ጽፌ እንድመጣ ነገረኝ። «የተቀናበረበትን፣ ድምፁን፣ የተዋናዮቹን ብቃት፣ የታሪኩን አወቃቀር እዪ። ተረት እንዳይሆንብን» አለኝ። እሺ ብዬ ጻፍሁ። አምሮብኝ ጻፍሁ! ቀረጻው ክፍል ገባሁ። ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ ለብሷል፤ አዘጋጁ ከመስታወት ወዲያ ነው፤ በጣቱ «ጀምሪ» አለኝ።

የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አነበብሁ። ቆምሁ። ማንም የለም። ሁለተኛውን አነበብሁ፣ ቆምሁ፣ አሁንም ጭጭ። በየመሀሉ እየቆምሁ፣ አፌን ከፍቼ እየጠበቅሁ፣ እየላበኝ ሄደ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ በሬዲዮ ግን ይነቅዛል! አዘጋጁ መጀመሪያ ቁልፎቹን ነካካ፣ ቀጥሎ ገመድ ነቅሎ ሰካ፣ በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ገባ።

«መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ እኮ ነው። ለምንድን ነው በየዐረፍተ ነገሩ የምትቆሚው?»

«እህ እስኪሉኝ ነዋ!»

«ማን?»

ዞር ብዬ ክፍሉን አየሁት። ስፖንጅ ብቻ።

«እህቴ፣ በሬዲዮ የሚሰማሽ ሰው እህ ቢልም አንቺ አትሰሚውም» አለ በትሕትና።

«ታዲያ እየሰማኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

አዘጋጁ ጭንቅላቱን እከክ እከክ አደረገና እውነቱን ነገረኝ። ሌላ ተወዳዳሪ አለ፤ ድምፁ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ልጅ፣ የተጻፈለትን ሁሉ ሳይደናቀፍ የሚያነብ። እኔን ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ በቀጥታ ሥርጭት አንድ ጊዜ ይሞክሩኛል። ካማረ ፕሮግራሙ የኔ ነው፤ ካላማረ የእሱ። ድጋሚ የለም።

ቤቴ ስደርስ ቤቱን በቁጣ አናጋሁት። ከዚያ ልምምድ ጀመርሁ። ለግድግዳ ተናገርሁ፤ ግድግዳ ሞኝ ነው። ለእናቴ ተናገርሁ፤ እናቴ ምስር እየለቀመች «እህ» ትለኛለች፣ ግን እህታዋ ሁሉ ባልሆነ ቦታ ነው የምታርፈው። «ከዚያ ዘንዶው ከእንቅልፉ ነቃ!» ስላት፣ «እህ፣ ዘይቱን ገዝተሽ መጣሽ?» ትለኛለች። ምን ልበላት! እናቴ ነች።

አባቴ ይህን ሁሉ ሲሰማ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እኔ ልምጣልሽ?» አለኝ።

«ስቱዲዮ ውስጥ መዶሻ አይገባም፣ አባባ።»

«መዶሻውን ትቼ።»

ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ። በማግሥቱ ከሥራ ሮጬ ጣቢያው ሄድሁና ለአዘጋጁ «አባቴ አጠገቤ ይቀመጥልኝ» አልሁት። አሰበበት፣ አሰበበት፣ ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ ማይክራፎን አጠገብ ነውና ድምፅ አያሰሙ። ሁለተኛ፣ የጣቢያው ደንብ ነው፤ ፊልም በሚገመገምበት ክፍል ፊልሙን ያላየ ሰው አይቀመጥም። አየር ላይ ድንገት ቢጠየቁ ምን ይመልሳሉ?

እዚህ ላይ ነገሩ ከበደ። አባቴ በሕይወቱ ሲኒማ ቤት ገብቶ አያውቅም። ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ! በለመንሁት ቁጥር የሚመልስልኝ አንድ ነው፦ «አንቺ ታዪልኝ የለም እንዴ?» በዚህች መልስ ሁሌ ትንሽ እቀየመዋለሁ። ያን ጊዜ ግን የኔ ዕጣ የሚወሰንበት መሆኑን ስለሚያውቅ «እሺ፣ ከጁምዓ በኋላ ውሰጂኝ» አለ።

ዓርብ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድሁ። አባቴ ጁምዓ ሰግዶ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ሠርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው! እኔ ደስታዬ ወዴት እንደሚያደርሰኝ አላውቅም፤ ለውዝ ገዛሁ፣ ውኃ ገዛሁ፣ ለትኬት ቆራጩ ሁሉ «አባቴ ነው!» አልሁት። መሀል ላይ አስቀመጥሁት። መብራቱ ሲጠፋ እጄን ያዝ አደረገኝ።

ማያውን አላየሁም እኔ፤ የማየው እሱን ነው። አሁን፣ አሁን ይደርሳል ዘንዶው፣ አሁን ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል እያልሁ። ዘንዶው ወጣ! ሰው ጮኸ! ወንበሩ ሁሉ ተንቀጠቀጠ! አባቴ ለውዙን እየላጠ ነው። አንዷን ላጠና ለኔ ሰጠኝ። ትንሽ ቆይቶ ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ሌላው መቼ ነው የሚወጣው?»

«የቱ ሌላው?»

«ትልቁ።»

«አባባ፣ እሱ ነው እኮ!»

«እህ» አለ። ደረቋን እህ ነው ያለኝ። ሐሞቴ ፈሰሰ። እስከ መጨረሻው ድረስ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ እንግዳ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ተቀመጠ። ስንወጣ «እንዴት ነው?» አልሁት። «ደስ ይላል፣ አልሃምዱሊላህ፣ ወንበሩም ምቹ ነው» አለኝ። ወንበሩ! ስለ ወንበሩ ከነገረኝማ አበቃ። አልወደደውም። ነገ አጠገቤ ተቀምጦ ፊቱን ሳይ ምላሴ ይታሰራል፣ ፕሮግራሙን ቅቤው ልጅ ይወስደዋል፣ እኔም መስኮቴ ጋ እመለሳለሁ። እስከ ቤት ድረስ አላነጋገርሁትም።

ቅዳሜ ስቱዲዮ ገባን። አዘጋጁ አባቴን ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለው። «አባቴ፣ እዚህ ይቀመጡ። አደራ፣ ድምፅ እንዳያሰሙ» አለው። አባቴ «በአላህ ስም፣ ትንፍሽ አልልም» አለ። ጉድ በሉ እንግዲህ! አባቴ ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም። ቀዩ መብራት በራ፣ ዘፈኑ አለቀ፣ እኔ ጽሑፌን አነሣሁ፤ እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አፉን ግጥም አድርጎ ተቀመጠ። እህ ሊለኝ የመጣው ሰው እህ እንዳይል ማለ!

«ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ፊልም በምስል ቅንብሩ…» አልሁ፤ ቆምሁ። ጭጭ። አዘጋጁ ከመስታወቱ ወዲያ ዓይኑን ጨፈነ። «በድምፁም ረገድ…» አልሁ፤ ቆምሁ።  አባቴን አየሁት። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ እሱም እንደኔ እያማጠ ነው።

ያኔ ተናደድሁ። ወላሂ በንዴት ነው! ይህን ያህል ተመኝቼ፣ ይህን ያህል ተንከራትቼ፣ በጭጭታ ልሸነፍ? ወረቀቱን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና ወንበሬን ወደሱ አዞርሁ።

«አባባ» አልሁት፣ ሬዲዮ መሆኑን ትቼ፣ «ዘንዶው ከሐይቁ የወጣ ጊዜ!»

«እህ!» አለ። አመለጠው! መሐላው ከአፉ ሾልኮ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ውኃ ጥሙን ተናገርሁ፣ ነገሥታቱን ተናገርሁ፣ ልጅቷን ከኛው ዳርቻ፣ ከዚያች ከማታልቀው ጀልባ ላይ አስነሣኋት። አባቴ «እህ… እህ…» እያለ በጣቱ ጠረጴዛውን ቀስ ቀስ እያደረገ ይመታል፤ ሳያውቀው ነው፣ የእጅ ልማድ። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። አዘጋጁ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ማን አየው! «ውኃው ፈላ! አረፋው እስከ አስፋልቱ ደረሰ! ራሱን ብቅ አደረገ፣ ዘጌ ጫካ ላይ አሳረፈው! ጅራቱ ጎርጎራ! ደቅ ደሴት ተነሥታ ቁጭ! ዓባይ ወደ ኋላው ሮጠ! ዓይኑን ገለጠ፣ አባባ፣ ወደኛ ነው የሚያየው!»

ጣቱ ቆመ።

አፉ ተከፍቶ ቀርቷል። ትናንት ማያው ፊት ለውዝ ሲልጥ የነበረው ሰውዬ! ዓይኑ ስፖንጁን አልፎ፣ ግድግዳውን አልፎ፣ ዘጌን ያያል። እኔ ምንም አልገባኝም። ያው ፊልም አይደለም እንዴ?

አዘጋጁ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ በድምፅ ማጉያው ጣልቃ ገባ። «እ… አድማጮቻችን፣ በፊልሙ ውስጥ እንኳ ዘጌ የለም» አለ እየሳቀ። «እንግዳችንን እንጠይቃቸው። አባቴ፣ እርስዎ ትናንት ፊልሙን አይተዋል። እንዴት አገኙት?»

አባቴ ነቃ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነቱን ልናገር ወይስ ደጉን ልናገር?»

«ኧረ እውነቱን፣ አባቴ!»

እኔ በዓይኔ ለመንሁት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ በቂ ነው፣ «ደስ ይላል» በልና ዝም በል። እሱ አላየኝም።

«ዘንዶው ትንሽ ነው» አለ።

አዘጋጁ መስታወቱ ጋ ተጠጋ። «ትንሽ? እንዴት ትንሽ?»

«ልጄ የነገረችኝ ዘንዶ ራሱ ዘጌ፣ ጅራቱ ጎርጎራ ነው። ያን አይቻለሁ እኔ። ሥራዬን ትቼ ነው ያየሁት። ትናንት ያሳዩን ደግሞ ከአንድ ግድግዳ አይበልጥም። ሰዎቹ ደክመዋል፣ አላህ ያበርታቸው፣ ድምፁም ከባድ ነው። እኔ ግን መብራቱ እስኪበራ ድረስ ትልቁን ስጠብቅ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ።» ወደኔ ዞረ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው ትናንት ያልነገርሁሽ፣ እናቴ። እኔ ዘንድ ሌላ ሲኒማ ቤት የለሽም እንዴ አንቺ?»

እጄን በአፌ ጫንሁ። እንባዬ መጣ፣ ሳቄም መጣ፣ የትኛው እንደቀደመ አላህ ያውቃል። ይኸ ነው እንግዲህ ትናንት የነበረው! ፊልሙ አይደለም ያላማረው፤ የኔን ዘንዶ ነው የፈለገው። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ መብራት፣ ያ ሁሉ ድምፅ፣ ከኔ አፍ አንሶ ተገኘ! በሬዲዮ ላይ አፍንጫዬን ስስብ ከተማው ሁሉ ሰማኝ፤ ይስማ።

ስልኩ መጥራት ጀመረ። የመጀመሪያው ሰውዬ ከፋሲሎ ሰፈር ነው። «ሰላም ዋላችሁ» አለ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ቁም ነገረኛ ድምፅ ነው ያለው። «ያ ትልቁ፣ ዘጌ ላይ ራሱን ያሳረፈው ዘንዶ፣ የት ሲኒማ ቤት ነው የሚታየው? ልጆቼን ይዤ ልሂድ ብዬ ነው።»

አዘጋጁ ምን ይበል!  አባቴ ማይክራፎኑን በእጁ ሳብ አደረገው። «እኛ ጋ ነው» አለ፣ «ሐይቁ ዳር። በሚመጣው ቅዳሜ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ። ልጆቹን ይዘው ይምጡ፣ አይከፈልም።»

ቀጥላ አንዲት ሴት ከማክሰኝት ደወለች፤ እየሳቀች ነው። ጎርጎራ ዘመዶች ስላሏት ጅራቱ በየት በኩል እንዳረፈ ይነገራት። እኔም በየት በኩል እንዳረፈ ነገርኋት፤ ለዘመዶቿ ከወደቡ ራቅ እንዲሉ አልሁ። ሰዓታችን እስኪያልቅ ስልኩ አላቆመም። ቀዩ መብራት ሲጠፋ አዘጋጁ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ይቆጣኛል ብዬ ወንበሬን ያዝሁ።

«ተረት እንዳይሆንብን ብዬሽ አልነበር?» አለኝ።

«ብለኸኝ ነበር።»

«በይ ተዪው። ፕሮግራሙ ያንቺ ነው። እሳቸውም ካንቺ ጋር ናቸው።»

ጩኸቴን ስፖንጁ ዋጠው እንጂ ጣቢያው ይፈርስ ነበር! አዘጋጁን አቀፍሁት፣ አባቴን አቀፍሁት፣ የጽዳቷን ሴትዮ ሳይቀር ኮሪደሩ ላይ አቀፍኋት። ስወጣ አባቴ ወደ ኋላ ቀርቶ ከአዘጋጁ ጋር ጥቂት ተነጋገረ፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ ደስታ ጆሮዬን ደፍኖታል።

የዚያኑ ቀን ከአሱር በኋላ ሐይቁ ዳር ነበርን። አባቴ ነጭ ልብሱን ለውጦ የሥራ ልብሱን ለበሰ። እናቴ ዓሣ ጠብሳ አመጣች፤ ሬዲዮውን ሰምታለች፤ «አገር ምድሩ ፊት አስለቀስሃት» ብላ አባቴን ተቆጣችው፣ ዓይኗ ግን ቀልቷል። እኔ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ሳምንት በሳምንት አብረን ሲኒማ ቤት መግባታችን ነው! ያላየ አይቀመጥም ብሏል፤ ደንብ ነው። ቀድመን ሄደን መሀል ላይ…»

«የለም» አለ።

«እንዴት የለም?»

«አንድ ጊዜ ገባሁ፣ አየሁ፣ ይበቃኛል። እዚያ ውስጥ ሐይቁ አይታየኝም።» ጀልባዋ ጎን ላይ ተንበርክኮ ሚስማሮቹን ከኪሱ አወጣ። «አንቺው እዪልኝ።»

ይህች መልስ ስንት ዓመት ስቀየማት ኖርሁ። ያን ቀን ግን ደረቴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ደንቡስ?» አልሁት።

«ለዚያ ልጅ ነግሬዋለሁ። ልጄ ያየችውን እኔ እንዳየሁት ቁጠርልኝ አልሁት።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«እህ አለኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ ዘጌ በወዲያ በኩል ጥቁር ብሎ ተኝቷል። አባቴ አንድ ሚስማር ጣውላው ላይ አቆመና መዶሻውን አነሣ።

«በይ እንግዲህ፣ ያን ዘንዶ እንደገና ንገሪኝ። ትናንት ያበላሹብኝን» አለ። ከዚያ፣ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት፣ «እህ» አለ።